በጣት መቁጠር መቼ ይቁም? ሰውነት ለቁጥር አስተሳሰብ የሚያግዝበትና የማያግዝበት ቦታ

ነጠላ_ሰረዝ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪዎች የሚሆን አጭር መመሪያ በዝግጅት ላይ ነው፤ አንዱ ምዕራፍ ላይ ግን መግባባት አልተቻለም። ጉዳዩ በጣት መቁጠር ነው። አንዱ ወገን «ልጁ ጣቱን ካልተወ በቃሉ ማስላት አይለምድም፤ ከመጀመሪያው ቀን እጁ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጣት ተፈጥሮ የሰጠችው መቁጠሪያ ነው፤ ራሱ እስኪተወው አትንኩት» ባይ ነው።

ደብተር ላይ የሚታዩት ስህተቶች እንዲሁ በዘፈቀደ የመጡ አይመስሉም። 8 + 5 ስንት ነው ሲባል 12 የሚል መልስ ይበዛል። 6 + 7 ላይ 8 ወይም 18 የሚሉ አሉ፤ ልክ በ5 መሳት ማለት ነው። 4 + 3 + 6 = __ + 6 ሲሰጣቸው ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ 13 የሚጽፉት ብዙ ናቸው።

እነዚህ ስህተቶች ከእጅ አጠቃቀም ጋር ይያያዛሉ ወይ? ጣትን መተው ያለባቸው መቼና እንዴት ነው? ወለል ላይ የቁጥር መስመር አስምሮ ልጆቹን ማስኬድስ ለውጥ ያመጣል ወይስ ጨዋታ ብቻ ነው? «ረቂቅ ሐሳብ ሁሉ ከሰውነት ይወለዳል» የሚለውም አባባል መመሪያው መግቢያ ላይ ይግባ ተብሏል፤ ምን ያህል መሠረት እንዳለው የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

---

አስር_ጣት

በስህተቶቹ ልጀምር፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ ነው።

8 + 5 ብሎ 12 የሚለው ልጅ መደመር አልከበደውም። «ስምንት» ሲል የመጀመሪያ ጣቱን አነሣ፤ ከዚያ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት አለ። አምስት ጣት መነሣቱን በዓይኑ ስላየ ትክክል ነኝ ብሎ ያምናል፤ «እንደገና ቁጠር» ቢባልም ያንኑ ይደግማል። ችግሩ መነሻውን ቁጥር እንደ አንድ ጭማሪ መቁጠሩ ነው። ስለዚህ «ስምንት» ሲል እጁ እንደተጨበጠ ደረቱ ላይ ይረፍ። የመጀመሪያዋ ጣት የምትከፈተው «ዘጠኝ» ከሚለው ቃል ጋር እኩል ነው። ቃሉና ጣቱ በአንድ ምት መሄዳቸውን ተመልከቱ፤ ምላሱ ጣቱን ከቀደመ ያው ስህተት በሌላ በኩል ይመለሳል።

በ5 የሚስተው ልጅ ታሪኩ ሌላ ነው። 13 በእጅ ሲያዝ ሁለት ሙሉ እጅና ሦስት ጣት ነው። ሦስቱን ጣት በደንብ ይይዛል፤ ስንት ሙሉ እጅ እንዳለፈ ግን ይጠፋበታል። አንድ እጅ ሲረሳ 8 ይላል፣ አንድ ሲደግም 18። በ2008 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጀርመን የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ላይ የወጣ ጥናት ልክ በ5 የሚስቱ መልሶች በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚበዙ አሳይቷል። በዚያ ዕድሜ ልጁ እጁን ባያነሣ እንኳ በአእምሮው የያዘው ቁጥር የእጅ ቅርጽ እንዳለው ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ይህን የሚያህል አላውቅም።

ወደ «መቼ» እንምጣ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ልጆችን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ የተከታተለ ጥናት፣ መጀመሪያ ላይ ጣት አብዝተው የሚጠቀሙት ልጆች አብዝተው ትክክል እንደሚመልሱ አገኘ። ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ ግን ግንኙነቱ ጠፍቶ በጥቂቱ ወደ ተቃራኒው ዞሯል። በቅርቡ የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 5 እና 6 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ወስደው፣ ጣት የማይጠቀሙትን በጣት መደመር አስተማሯቸው፤ ትክክለኛ መልሳቸው ከ37 በመቶ ወደ 77 በመቶ ግድም ወጣ። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በታች መከልከል ጉዳት ነው። ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ አሁንም ከ1 ጀምሮ ጣቱን የሚዘረጋ ልጅ ካለ ግን «ይተወዋል» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ችግሩ ሌላ ቦታ አለ፤ መፈተሽ አለበት።

መተው የሚመጣው ጣት አጠቃቀሙን ደረጃ በደረጃ በማሳጠር ነው። ልጁ መጀመሪያ ሁለቱንም ቁጥር ከ1 ይቆጥራል። ቀጥሎ ትልቁን በቃሉ ይዞ ትንሹን ብቻ በጣት ይጨምራል፤ 3 + 8 ሲባል ከ8 መጀመር እንደሚሻል ራሱ እንዲደርስበት ሁለቱንም መንገድ አሠርታችሁ የትኛው እንደፈጠነ ጠይቁት። ከዚያ ቁጥሩን ሳይቆጥር በአንድ ጊዜ ማሳየት ይለማመዳል፤ «ሰባት» ሲባል አንድ ሙሉ እጅና ሁለት ጣት እንደ ብልጭታ ይወጣሉ። ይህኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከሁሉ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው። 7 ማለት 5 እና 2 መሆኑን እጁ ካወቀ፣ 6 + 7 ሁለት ሙሉ እጅ እና 1 + 2 ይሆናል፤ የ5 ስህተቱም በዚያው ይደርቃል። መጨረሻ ላይ እጆቹን ከጠረጴዛ ሥር አድርጎ ሳያያቸው፣ ቀጥሎም ሳያንቀሳቅሳቸው እንዲያስባቸው ይደረጋል።

ጣትን በመዳሰስ መለየትም አብሮ ይነሣል። ልጁ እጁን ከጨርቅ ሥር ያደርጋል፣ አንድ ጣት ይነካል፣ የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ሁለት ጣት በአንድ ጊዜ። በዚህ ፈተና ጥሩ የሆኑ ልጆች በቁጥርም ጥሩ የመሆን አዝማሚያ እንዳላቸው ከ1998 ጀምሮ ተደጋግሞ ታይቷል። ሐኪሙ ዮሴፍ ገርስትማን በ1924 መግለጽ የጀመረው ሕመምም ይታወቃል፤ ግራው የአንጎል ፓራይታል ክፍል (ከላይ ወደ ኋላ ያለው) ሲጎዳ ጣት መለየት፣ ማስላት፣ መጻፍና ግራ ቀኝ መለየት አንድ ላይ ይታወካሉ። ሆኖም ለጣት ልምምድ ብቻ የክፍል ጊዜ አትመድቡ። በ2008 ለ8 ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የተሰጠ ሥልጠና የቁጥር ችሎታን አሻሻለ ተብሎ ነበር። ተችዎች እንዳሉት ግን የሠለጠኑት ሲጀመር ዝቅተኛ ውጤት ስለነበራቸው የተመረጡ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ቡድን ደግሞ ምንም ባይደረግለትም ሁለተኛ ሲፈተን ወደ መካከለኛው ይጠጋል።

---

መስመር_በወለል

የወለሉን ነገር እኔ ልውሰድ። ይሠራል፤ ሲሠራም ሳይሠራም ምክንያቱ ይታወቃል።

በ2008 ተመራማሪዎቹ ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር ለ4 እና 5 ዓመት ልጆች ከ1 እስከ 10 በቀጥታ መስመር የተደረደሩ ካሬዎች ያሉት የሰሌዳ ጨዋታ ሰጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት አጫጭር ጨዋታዎች ብቻ፤ እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ልጆቹ ቁጥር በማወዳደር፣ በመቁጠርና ቁጥርን መስመር ላይ በማስቀመጥ ተሻሻሉ፤ ከ9 ሳምንት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። ያንኑ ጨዋታ ቁጥር በሌላቸው ባለቀለም ካሬዎች የተጫወቱት ግን አልተለወጡም። በኋላ ሰሌዳው ክብ ሲደረግ ጥቅሙ ቀረ። ቀጥ ባለው መስመር ላይ 8 ከ4 እጥፍ ይርቃል፣ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፣ እጥፍ ጊዜ እጅ ያንቀሳቅሳል፤ በክቡ ላይ ግን 10 ተመልሶ 1 አጠገብ ይመጣል።

አስተማሪዎች የሚስቱት አንድ ደንብ አለ። 4 ላይ ያለ ልጅ 2 ቢደርሰው «አምስት፣ ስድስት» እያለ መራመድ አለበት። «አንድ፣ ሁለት» ካለ እግሩና አፉ ስለተለያዩ የቆመበትን ቁጥር አይማርም። ይህ ለብቻው በ2014 ተፈትኖ ልዩነት እንዳለው ታይቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 3 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ከ0 እስከ 10 በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ምልክት፣ ባጠቃላይ 11 ምልክት። ካሬ አትሣሉ፣ አጭር ሰረዝ አድርጉ። ካሬ ከሆነ ልጁ ካሬዎቹን ይቆጥራል፣ የቆመበትንም ይጨምራል፤ አስር_ጣት የጻፈው የ1 ስህተት በእግር ተመልሶ ይመጣል። 0 አይቅር፤ ያለ 0 «ሦስት» ማለት ሦስተኛዋ ምልክት ይሆንና ርቀት መሆኑ ይቀራል። «ስንት ምልክት ነካህ?» አይባልም፤ «ስንት ጊዜ ተራመድክ?» ይባላል። ትልቅ እርምጃ ያለው ልጅ ምልክት ዘልሎ ሲያልፍ ካያችሁ ርቀቱን ለክፍሉ በሙሉ በአንድ ልክ ቀይሩት፤ አንዱን ብቻ በእጅ እየያዛችሁ አታስኪዱ።

ከፍ ባለ ክፍል ይኸው መስመር ለነጌቲቭ ቁጥር ያገለግላል። ምልክቱ ሁለት ሥራ ስላለው ሁለቱን ለዩአቸው፤ የስሌቱ ምልክት ወዴት እንደምትዞር ይነግርሃል፣ የቁጥሩ ምልክት ደግሞ ወደፊት ወይስ ወደ ኋላ እንደምትራመድ። 3 − (−2) ይሁን። 3 ላይ ቁም። መቀነስ ስለሆነ ፊትህን ወደ 0 አዙር። ቁጥሩ −2 ስለሆነ ወደ ኋላህ ሁለት ተራመድ። 5 ላይ ትቆማለህ። «ሁለት ነጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል» ብሎ ከመሸምደድ ይልቅ ይህ ለምን እንደሆነ በእግር ያሳያል። ወሰኑንም ልንገራችሁ፤ (−3) × (−2) ላይ ይህ አካሄድ ይንገዳገዳል። አንዱ ቁጥር የእርምጃ ብዛት ሲሆን ሌላው ርዝመት ስለሚሆን፣ ነጌቲቭ ብዛት ያለው እርምጃ ምን ማለት እንደሆነ እግር አይመልስም። እዚያ ሲደረስ የስሌት ንድፍ ይሻላል፤ 2 × (−2)፣ 1 × (−2)፣ 0 × (−2) እያሉ ወርዶ ቀጣዩ ምን እንደሚሆን መጠየቅ።

---

ማስረጃ_ይቅደም

ከላይ የተጻፉት ተግባራዊ ነጥቦች ላይ ተቃውሞ የለኝም። «ረቂቅ ሐሳብ ሁሉ ከሰውነት ይወለዳል» የሚለውን ግን መመሪያው ላይ አታስገቡት።

የጸናው ይህ ነው። ተመራማሪው ስታኒስላስ ደሃን እና ባልደረቦቹ በ1993 ሰዎች አንድ ቁጥር ተጋማሽ ወይም ኢ-ተጋማሽ መሆኑን ቁልፍ በመጫን እንዲለዩ አደረጉ። ለትንንሽ ቁጥሮች ግራ እጅ ፈጠነ፣ ለትልልቆቹ ቀኝ እጅ፤ መጠኑ ጭራሽ ሳይጠየቅ። ያውም 5 ከ0 እስከ 5 ባለው ዝርዝር ውስጥ እንደ «ትልቅ»፣ ከ4 እስከ 9 ባለው ውስጥ እንደ «ትንሽ» ይቆጠራል። ይህ ውጤት በብዙ ላቦራቶሪ ተደግሟል። አቅጣጫው ግን ከማንበብ ልማድ ጋር ይለወጣል፤ በ2009 የወጣ ንጽጽር ቃልንም ቁጥርንም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡ ፍልስጤማውያን ተቃራኒውን እንደሚያሳዩ፣ ካናዳውያን የተለመደውን፣ ቃሉን ከቀኝ ቁጥሩን ከግራ የሚያነቡ እስራኤላውያን ደግሞ ወዲህም ወዲያም እንደማያጋድሉ አሳይቷል። በሌላ በኩል በ2015 ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች ትንሹን ብዛት በግራ፣ ትልቁን በቀኝ እንደሚፈልጉ ተዘግቧል፤ ስለዚህ ሁሉንም ለንባብ መስጠትም አይቻልም። ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ አዙረው በዘፈቀደ ቁጥር እንዲጠሩ የተጠየቁ ሰዎች ትንንሽ ቁጥር እንደሚያበዙ የ2008 ሙከራ ያሳያል።

ያልጸናውም አለ። ቁጥር ማየት ብቻውን የዓይን ትኩረትን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይስባል የሚለው የ2003 ግኝት ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሮ፣ በ2020 በ17 ላቦራቶሪዎች ሲደገም ጠፋ። ዓረፍተ ነገር ማንበብ ከትርጉሙ ጋር የሚገጥመውን የእጅ እንቅስቃሴ ያፋጥናል የሚለው የ2002 ውጤትም በ2022 በብዙ ላቦራቶሪ ሲፈተን አልተገኘም። እነዚህ ሁለቱ በየሥልጠናው እንደ ምሰሶ የሚጠቀሱ ስለሆኑ ልብ በሉ።

ቋንቋችንን እንደ ማስረጃ የሚያመጣም አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሐሳቡን «ጭብጥ» የምንለው ከመጨበጥ ነው፣ «ተጨባጭ» የምንለውም እጅ የሚይዘውን ነው፤ «ረቂቅ» ደግሞ ቀጭኑ፣ እጅ የማይዘው። ቁጥርም «ከፍ» እና «ዝቅ» ይላል። ግን «ፊት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «ከሁለት ዓመት በፊት» ያለፈ ነው፣ «ወደፊት» ደግሞ ያልመጣ። በመጀመሪያው ክንውኖች ተሰልፈዋል፣ የቀደመው ከፊት ነው፤ በሁለተኛው የሚራመደው ሰው ነው፣ ወደ ፊቱ ይሄዳል። አንድ የሰውነት ክፍል ሁለት ተቃራኒ ጊዜ ሰጠን። ሰውነት ምሳሌ ያበድራል፤ የትኛውን ምሳሌ እንደምንወስድ ግን አይወስንም። ቃላት ስለ አመጣጣቸው ይመሰክራሉ፤ ሰው 47 ሲቀነስ 19 ሲያሰላ እጁ በአእምሮው መሥራት አለመሥራቱን ግን በሙከራ እንጂ በመዝገበ ቃላት አናውቅም።

---

እኩል_ይሆናል

ለ4 + 3 + 6 = __ + 6 የሚሆን የእጅ ምልክት አለ፤ በዚህ ዘርፍ በደንብ ከተፈተኑት አንዱ ነው።

13 የሚጽፈው ልጅ «=» የሚለውን «መልሱን ጻፍ» ብሎ ያነበዋል። 19 የሚጽፈው ያየውን ሁሉ ደምሯል። ተመራማሪዋ ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው እና ባልደረቦቿ ያስተማሩት እንቅስቃሴ ይህ ነው፤ ልጁ አመልካችና መሐል ጣቱን እንደ መቀስ ከፍቶ 4 እና 3 ሥር ያሳርፋል፣ ከዚያ በአንድ ጣት ባዶውን ቦታ ያመለክታል። አፉ «አንዱን ጎን ከሌላው ጎን እኩል ማድረግ እፈልጋለሁ» ይላል፤ ስለ መቧደን ምንም አይልም። መቧደኑን የሚናገረው እጁ ብቻ ነው። በ2009 በታተመው ሙከራ እጃቸውን እንዲህ ያንቀሳቀሱት ልጆች ቃሉን ብቻ ካሉት የተሻለ ተማሩ። ጣታቸውን 3 እና 6 ላይ፣ ማለትም በተሳሳተው ጥንድ ላይ ያሳረፉት እንኳ ምንም ካላንቀሳቀሱት በልጠው ከትክክለኞቹ አነሱ።

በ2014 ደግሞ ሦስት ዓይነት ተወዳደረ፤ ማግኔት ያላቸውን ቁጥሮች እያነሱ ባዶው ቦታ ማስቀመጥ፣ የማንሣቱን ምልክት በአየር ላይ ማድረግ፣ እና የመቀሱ ምልክት። የተለማመዱትን ዓይነት ጥያቄ ሁሉም ሠሩ። ባዶው ቦታ ሲቀየር ወይም የጥያቄው ቅርጽ ሲለወጥ ግን ቁጥሩን በእጃቸው ያነሡት ወደቁ፣ በመቀሱ የሠሩት አለፉ። ዕቃው ልጁን ከዚያ ጥያቄ ጋር ያስረዋል። ከ1 እስከ 10 ለሚቆጥር ልጅ ጠጠርና እንጨት ይጠቅመዋል፤ ግን ያማረ፣ እውነተኛ ዕቃ የሚመስል መሣሪያ አትምረጡ። በ2009 የወጣ ጥናት እውነተኛ የሚመስል የወረቀትና የሳንቲም ገንዘብ ይዘው የሠሩ ልጆች ምንም ከሌላቸው በላይ እንደተሳሳቱ አግኝቷል፤ ሥዕሉ ዓይናቸውን ይወስደዋል።

ለጥመርታ የምወደው የሁለት እጅ ሥራ አለ፤ ሐሳቡ በአሜሪካ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ከሚሠራው ተመራማሪ ከዶር አብርሃምሰን ነው («ዶር» ስሙ ነው)። በእሱ አሠራር ሁለት እጅ ከጠረጴዛው ያለው ከፍታ 1 ለ 2 ሲሆን ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል። ያለ ኮምፒውተርም ይቻላል፤ ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትሮ ጎን ለጎን ከወለሉ ጀምሮ ይለጠፍ፣ አንድ ሰው ቁጥሩን እያየ «ልክ» ወይም «አይደለም» ይበል። ልጁ ግራ እጁን 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቀኝ እጁን 40 ላይ አድርጎ «ልክ» ይባላል። «ልክ» እንደሆንክ ሁለቱን እጆችህን ከፍ አድርግ ሲባል አብዛኛው በመካከላቸው ያለውን 20 እንደያዘ ይወጣል፤ 30 እና 50 ላይ «አይደለም» ይባላል። ቀኙን ወደ 60 ሲገፋ «ልክ» ይሆናል። ከጥቂት ሙከራ በኋላ «ከፍ ባለ ቁጥር መራቅ አለባቸው» ይላል። በመደመር ሲያስብ የነበረው ልጅ ወደ ማባዛት የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ እጁ መጀመሪያ የተሳሳተውን ባይሠራ ይህን ዓረፍተ ነገር አያገኘውም። ቁጥሩን ቀድማችሁ ካሳያችሁት ግን እጥፉን በቃሉ አስልቶ እጁን እዚያ ያኖረዋል፤ ሥራው ያን ጊዜ ከሰውነት ወጥቶ ተራ ማባዛት ይሆናል። ስለዚህ ሜትሮው መጀመሪያ ከልጁ ጀርባ ይሁን፤ «መራቅ አለባቸው» ካለ በኋላ ዞሮ ይየው።

---

ነጠላ_ሰረዝ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፤ መግቢያው ላይ የነበረው አባባል ይወጣል። ሁለት ነገር ቀረኝ። እጁን በደንብ ማንቀሳቀስ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ልጅ ይህ ሁሉ ቢቀርበት ወደ ኋላ ይቀራል ወይ? ሌላው፣ ከየትኛው እጅ መጀመር አለባቸው?

---

ማስረጃ_ይቅደም

በ2011 የወጣ ጥናት ከልደታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ልጆች ዓይናቸው ከሚያይ ልጆች እጅግ ባነሰ ሁኔታ በጣታቸው እንደሚጠቀሙ፣ በመቁጠር ግን ከእነሱ እንደማያንሱ አሳይቷል። ጣት ጥሩ መንገድ ነው፣ ብቸኛው መንገድ ግን አይደለም። ለእጅ የሚሰጠውን ለድምፅ ስጡት፤ ለ7 አምስት ፈጣን ምት፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ ሁለት ምት። የአምስቱ ቡድን በጆሮ ይያዛል።

አስር_ጣት

የሚጀምሩበት እጅ ከአገር አገር ይለያያል፤ በ2011 በኢንተርኔት በተደረገ ንጽጽር የምዕራባውያን አብዛኞቹ ከግራ፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች አብዛኞቹ ከቀኝ ይጀምሩ ነበር። የቱም ይሁን፤ ልጁ የለመደውን አትቀይሩበት። መጠበቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው እጅ የሚከፈተው የመጀመሪያው አምስቱም ጣት ከተዘረጋ በኋላ ይሁን። 6ን ሦስት በሦስት የሚያሳይ ልጅ ካለ መልሱ ትክክል ነው፣ ግን 6 + 7 ላይ ሲደርስ ሙሉ እጅ ስለሌለው እንደገና ከ1 ይጀምራል።

ነጠላ_ሰረዝ (ጠያቂ)

ሦስት በሦስት የሚያሳዩ አሉ። አምስት በአንድ እንዲያደርጉት የብልጭታው ልምምድ ላይ ይጨመራል።

አስር_ጣት

በቀን ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከ6 እስከ 9 ያሉትን ብቻ፣ ቅደም ተከተላቸውን እያዘበራረቃችሁ ጥሩላቸው፤ ልጁ ጣቱን አንድ በአንድ ሲከፍት ካያችሁ ፍጥነቱን ጨምሩ፣ ለመቁጠር ጊዜ ሲያጣ ቅርጹን መያዝ ይጀምራል።